ጉጉት ፍለጋ ከቀድሞ ባሌ ጋር

ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ከፈታችው ባሏ ጋር ፊት ለፊት ላለመግጠም የምትፈልግ ሴት ገበያ የምትወጣበትን ሰዓት ትለውጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለምበትን በር ትለውጣለች፣ በርበሬዋን ሩቅ ወፍጮ ቤት ወስዳ ታስፈጫለች። እኔ ሦስቱንም አድርጌአለሁ። ያን ያህል ተጠንቅቄ ኖሬ፣ በመጨረሻ ከእሱ ጋር ጫካ ለጫካ የሚያዞረኝን ሥራ በገዛ አፌ ተቀበልኩ።

ሳላውቅ ነው እንግዲህ። የደወለልኝ ጎንደር ያለ የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ነው። "አንዲት እናት ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ወፍ ለማየት ነው። ከሳንቃ በር ተነሥተው፣ በጨነቅ አድርገው፣ ጫካ ጫካውን ወርደው አዲ አርቃይ ይወጣሉ። አብሳይ እንፈልጋለን" አለኝ። ጋይዱ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ እንኳን ሥራው ወሬውም ከከተማው ጠፍቶ ነበር። መንገዱ ተከፈተ ይባላል፣ ተዘጋ ይባላል። እንግዳ ሊመጣ ነው ይባልና ይቀራል። ድንኳን ያከራዩ የነበሩ ሰዎች ድንኳናቸውን ብቅል ማስጫ አድርገውት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ሰው ለወፍ ብሎ መምጣቱ ራሱ ገረመኝና ሌላውን መጠየቅ ረሳሁ።

ደግሞ በዚያ ሳምንት ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። እህቴ የምትኖረው ጎንደር ነው። እሷ ሰፈር አንድ ቁርስ ቤት ባለቤቶቹ ሊለቁት ስለሆነ "ትወስጂዋለሽ አትወስጂውም?" እያለች ትነዘንዘኛለች። "እያሰብኩ ነው" እላታለሁ። ማሰብ አልነበረም፤ መቁነጥነጥ ነበር። ጠዋት ስነሣ "እሄዳለሁ" እላለሁ፤ ቀትር ላይ ደጄን አይቼ "የት ነው የምሄደው?" እላለሁ። ሻንጣ አውጥቼ ልብስ እከታለሁ፤ የከተትኩትን ለመልበስ መልሼ አወጣዋለሁ። በመጨረሻ እህቴ ባለቤቶቹ እስከ ዓርብ መልስ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ።

"ከመንገድ እደውልልሻለሁ" አልኳት።

ጫካው ውስጥ ስልክ እንደማይሠራ እሷም እኔም እናውቃለን።

ማክሰኞ ጠዋት ድስቶቼንና ቡታጋዜን ይዤ ፓርክ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። መኪናው ቆሟል። ስካውቱ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ደረቅ ዳቦ ይበላሉ። ያለ መሣሪያ ያዥ ጠባቂ ማንም እንግዳ ፓርኩ ውስጥ አይገባም። እኚህኛው ጠና ያሉ የአምባራስ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከመኪናው ኋላ ደግሞ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ድንኳን ይጭናል። ጀርባውን አየሁ። ስንት ዓመት አጠገቡ ያደርኩትን ጀርባ እንዴት አላውቀውም?

"እንዴት አደርሽ" አለ ቀና ሳይል።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጋይዱ አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ሌላ ሰው አልነበረም?"

"አልነበረም።"

ድስቶቼን ይዤ መመለስ እችል ነበር። አሁንም ሳስበው ለምን እንዳልተመለስኩ አላውቅም። ምናልባት ጋሼ እያዩኝ ስለነበር ይሆናል። ምናልባትም ቤቴ ተመልሼ ያንን ሻንጣ ማየት ስላስጠላኝ።

እንግዳዋ ከሆቴል መጡ። አጠር ያሉ፣ የወንድ ባርኔጣ ያጠለቁ፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ ሴት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን መድኃኒት ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አንገታቸው ላይ ትልቅ የርቀት መነጽር ተንጠልጥሏል። እኔን አገላብጠው ሳሙኝ፣ ጋሼን እጅ ነሡ፣ ከዚያ ሁላችንንም አንድ ላይ አይተው "ጉጉቴን ታሳዩኛላችሁ አይደል?" አሉ።

ጋሼ ዳቦው አፋቸው ውስጥ ቆመ። "ምንዎን አሉ?"

"ጉጉት።"

ጋሼ አማተቡ። "እትዬ፣ እዚህ አገር ስንት የከበረ ወፍ አለ! ንስር አለ፣ ሶሪት አለ፣ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብር አሞራ አለ። ጉጉት ምን ይሆንልዎታል? ጣራ ላይ የጮኸ እንደሆነ ለቤቱ ደግ አይደለም።"

"እኔ እዚህ ጣራ የለኝም፤ ድንኳን ነው የማድረው" አሉ እትዬ።

የሚፈልጉት ከራሱ ላይ እንደ ጆሮ የቆሙ ላባዎች ያሉትን የደጋ ጉጉት ነው። ቀን ቀን ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ውስጥ ግንድ ተጠግቶ ይተኛል፤ የግንዱን መልክ ስለሚመስል አጠገቡ ቆሞ የማያየው ሰው ብዙ ነው። ሌላውን ወፍ ሁሉ በየአገሩ ዞረው አይተዋል፤ እሱ ግን አምልጧቸዋል። "ስሙ ራሱ ሰው ያስጓጓል" አሉኝ መኪናው ውስጥ ጉልበታቸውን እያሻሹ። "ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ ነው የመጣሁት።"

ስለ እሱና ስለ እኔ መናገር ካለብኝ እዚህ ላይ ልናገር። የተለያየነው ተጣልተን አይደለም። እንግዳ ሲጠፋ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀመጠ። ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው። በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሆቴል በር ላይ ዘበኛ ሆነ። መጀመሪያ በየማታው ይደውል ነበር፤ ከዚያ በየእሑዱ፤ ከዚያ ለበዓል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን እኔው ደወልኩና "እንዲህ ከምንሆን ብንፋታ ይሻላል" አልኩት። "እሺ" አለ። እንቢ ቢል ምን እንደምል እንኳ አላውቅም ነበር፤ ግን እሺ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም። መጣ፣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ቡታጋዙን እኔ ወሰድኩ፣ መነጽሩን እሱ ወሰደ፤ አለቀ። እንግዳ ትንሽ ትንሽ መምጣት ሲጀምር እሱም ደባርቅ ተመለሰ። እኔም በርበሬዬን ሩቅ ማስፈጨት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሳንቃ በር አካባቢ አስታ ለአስታ ስንዞር ዋልን። አስታ ጽጌው ነጭ፣ ቅጠሉ ደቃቅ የሆነ የደጋ ዛፍ ነው፤ ከግንዱ ሽበት የመሰለ ነገር ይንዘረፈፋል። እሱ ከፊት ይሄዳል፣ እየቆመ ወደ ላይ ያያል፣ መሬቱ ላይ ነጭ ኩስ ይፈልጋል። እትዬ ይከተሉታል። እኔ እንደ ወጉ ቀድሜ ሄጄ ምሳ ማሰናዳት ነበረብኝ፤ እትዬ ግን ክንዴን ያዙ። "ከእኔ ጋር ሁኚ ልጄ። ቁልቁለት ላይ እጅሽን እፈልገዋለሁ። ምሳው ሲደርስ ይደርሳል።"

ወፍ ማየት ማለት መቆም ማለት እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ። ጥቂት ይሄዱና ይቆማሉ። አንድ ቁጥቋጦ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱም መነጽራቸውን ያነሣሉ፤ ጸጥ። እኔ ስልኬን አወጣለሁ፣ ኔትወርክ እንደሌለው አያለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ክብደቴን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛውራለሁ። ነጠላዬን እፈታለሁ፣ አስራለሁ።

"ምን ያቁነጠንጥሻል?" አሉኝ እትዬ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያወርዱ። "ቆመሽ እንኳ እየሄድሽ ነው።"

እሱ ሳቀ። ዞሬ ሳየው ሳቁን አቆመ።

ጉጉት የለም። ማታም ራት አቅርቤ ከእሱ ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ድንኳኔ ገባሁ።

በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ በመኪና ጨነቅ ደረስን። መኪናው ከዚያ ተመልሶ በደባርቅ ዞሮ ቅዳሜ አዲ አርቃይ ላይ ሊቀበለን ነው። ከጨነቅ ወዲያ እግር ብቻ ነው። ምሳ ላይ ለራሳችን የጾም፣ ለእትዬ ደግሞ ሐኪም ጾም ስለከለከላቸው እንቁላል ሠራሁ። እትዬ በልተው እጃቸውን እየጠረጉ እንዲህ አሉ፦

"ጋይዱ እውነቱን ነው፤ እጅሽ ይጣፍጣል። አስጎብኚው ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። 'አብሳይዋ እሷ ካልሆነች እኔም አልሄድም' ብሎ ሰውየውን አስጨነቀው። ዘመድሽ ነው?"

"ነበረ" አልኳቸው።

እትዬ አየት አደረጉኝ፤ ራቅ ብሎ ድንኳን የሚተክለውን እሱን አየት አደረጉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አንሥተው ገደሉን ማየት ጀመሩ።

ድስት ማጠብን ሰበብ አድርጌ ወደ ወንዙ ወረድኩ። እሱ ጀሪካን ይዞ ተከተለኝ።

"ሌላ ሰው አልነበረም አላልክም?"

ጀሪካኑን አስቀመጠ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም ይንገረኝ። አንተ ነህ ያስመጣኸኝ?"

"ላናግርሽ ፈልጌ ነው።"

"ደባርቅ ላይ ቤቴን ታውቀዋለህ።"

"በሩን ትዘጊብኛለሽ።"

"እና በር የሌለበት አገር አመጣኸኝ!"

ይህን ስል ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ። መሳቄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ማንም ያልሰማውን ነገር አፌ ላይ እንደመጣ ተናገርኩት፦ "ጎንደር ልገባ ነው። ቁርስ ቤት ልይዝ። እህቴ መልሴን እየጠበቀች ነው።"

ጀሪካኑን አንሥቶ ውሃው ውስጥ ነከረ። ከዚያ "እሺ" አለ።

የድስቱን መክደኛ ወረወርኩት። በእሱ ላይ አይደለም፤ ወንዙ ውስጥ። ውሃው ይዞት ሄደ። እሱ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባበት። የጨነቅ ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንገዳገደ ተከትሎ፣ ታች ላይ ያዘው። አምጥቶ ሰጠኝ። ጫማው በተራመደ ቁጥር ይንጨቀጨቃል። አመሰገንኩት ወይስ አላመሰገንኩትም፣ አላስታውስም። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ዕቃውን ጨነቅ ላይ በተከራየናቸው በቅሎዎች አስጭነን ቁልቁል ጀመርን። ስሜንን ከላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ወገን አያውቀውም። ቅዝቃዜው ከትከሻ ላይ እንደ ጋቢ እየተነሣ ይሄዳል። አስታው ያልቅና ኮሶ ይመጣል፣ ከዚያ ጽድና ወይራ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው እርጥብ ጫካ፤ ሐረጉ መንገድ ይዘጋል፣ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ መሬቱ ያንሸራትታል። ወፉም በዛ። ግንደ ቆርቁር ከላያችን ይቆረቁራል። አንዲት ሶሪት ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሻገር ክንፏን ብትከፍተው ደም የመሰለ ቀይ ሆነ፤ ሁላችንም፣ ጋሼም ሳይቀሩ፣ "ውይ!" አልን። እትዬ እጄን ይዘው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ አንድ እርምጃ ሲወርዱ ሁለት ጊዜ እየቆሙ ይወርዳሉ። እኔ የእሳቸውን እጅ ይዤ ልቤ ሽቅብ ይሄዳል፣ ስልክ ወዳለበት ጋራ። ነገ ዓርብ ነው።

አንድ ገበሬ መንገድ ላይ አገኘንና የቀድሞ ባሌ ስለ ጉጉት ጠየቀው። ገበሬው እንደ ጋሼ አማተበና ከሶና መንደር በታች ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንደሚጮህ ነገረን። ከቅጥሩ በታች ድንኳን ተከልን።

ዓርብ ጠዋት ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። "ጋሼ፣ ዛሬ ዓርብ ነው አይደል?" አልኳቸው፣ እያወቅሁ።

"እህስ። ምነው?"

"ከዚህ ስልክ የሚሠራበት ቦታ የት ነው?"

አገጫቸውን ወደ ገደሉ ቀሰሩ። የወረድንበት ገደል ደመና ውስጥ ገብቶ ጫፉ አይታይም። "ያው ላይ ነው እንጂ። ዛሬ ወጥተሽ ዛሬ አትመለሺም።"

ማማሰያውን ጣልኩ። ወዲያ ሄድኩ፣ ወዲህ መጣሁ። እሱ ከድንኳኑ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና ተነሥቶ መጣ። ጫማው አሁንም አልደረቀም።

"እኔ ልውጣልሽ" አለ። "ጋሼ አንድ ቀን እትዬን ይይዟቸዋል። ፈጥኜ ከወጣሁ ከመምሸቱ በፊት እደርሳለሁ። የእህትሽን ቁጥር አውቀዋለሁ። ምን ልበላት?"

የነጠላዬን ጫፍ ፈታሁ፣ መልሼ አሰርኩ።

"ትወስዳለች ልበላት ወይስ አትወስድም?" አለ በቀስታ። ማሾፉ አልነበረም፤ ዱላውን አንሥቶ፣ ለመሄድ ተሰናድቶ ነው የሚጠይቀኝ።

"አላውቅም" አልኩት። ያን ሁሉ ጊዜ መንገዱን፣ ኔትወርኩን፣ እሱን ስወቅስ ቆይቼ፣ መልእክተኛ ሲገኝ መልእክቱ የለኝም። ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ። እሱ ዱላውን መልሶ አስቀመጠ፤ ሽሮው ሊያርር ሲል ማማሰያውን አንሥቶ ያማስል ጀመር።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ቄሱ ደጀ ሰላሙ ላይ ነበሩ። መስቀላቸውን ተሳለምን። ጋሼ ቀድመው "አባ፣ ጉጉት ሊያዩ ነው የመጡት፣ ይቅር ይበለንና" አሏቸው።

ቄሱ ፈገግ አሉ። "ምን ችግር አለው? የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። በቅጥሩ ውስጥ ያለውን ማንም አይነካውም፤ ስለዚህ ይኖራል። እኛ ለሰዓታት ጸሎት ስንነሣ እሱም አብሮን ይጮሃል። ከጽዱ በአንዱ ውስጥ ነው። በየትኛው እንደሆነ ግን ዓይኔ አላየውም።"

ጽዶቹ ያረጁና ጨለማ ናቸው። እሱና እትዬ አንድ በአንድ ከሥር እየሆኑ አዩ፤ አልተገኘም። ከዚያ እትዬ ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን አነጠፉና "እንጠብቃለን" አሉ። ጋሼ ጠመንጃቸውን ይዘው ከቅጥሩ በር ውጭ ቀሩ። እኔና እሱ ከእትዬ ትንሽ ራቅ ብለን አንድ የጽድ ሥር ላይ ተቀመጥን። ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

በመጨረሻ የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ በሹክሹክታ።

"ያኔ በስልክ ለምን እሺ አልከኝ?"

መልሱን ሲያስብበት የኖረ ይመስል ቶሎ መለሰ። "በምን አፌ እንቢ ልበልሽ? ቀኑን ሙሉ ለሰው በር ስከፍት እውላለሁ። ለአንቺ የምልከው የለኝም፤ ተመልሼ የምሠራው የለኝም። እንቢ ብል አንቺን ማሰር መሰለኝ። እሺ ካልኳት ቢያንስ እሷ ትሄዳለች አልኩ።"

"እኔ እኮ እንቢ እንድትለኝ ነበር የደወልኩት።"

"ያንን አላልሽም።"

"አላልኩም" አልኩ።

"ከትናንት ወዲያ ወንዙ ዳር እሺ ያልኩትም ለዚያው ነው። ጎንደር መሄድሽን አልወደድኩትም። ግን እንቢ ማለት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ከዚህ ወዲያ አይደለም።"

ሌላም የሚለው ነበረው፤ "ላናግርሽ ፈልጌ ነው" ያለው ነገር ገና አልመጣም። እኔ ግን ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ብድግ ብዬ ቤተ ክርስቲያኑን ዞርኩ። ከመቅደሱ ኋላ፣ ቅጥሩ ጥግ ላይ፣ ትንንሽ ወፎች አንድ ጽድ ከብበው ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ይንጫጫሉ። ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይሳደባሉ ነው የሚባለው። እነሱም እንደ እኔ ያበዱ መሰለኝ። ዞሬ ስመለስ እሱ ቆሞ ነበር።

"የት ሄድሽ?"

"የትም። እዚያ ኋላ እነዚያ ወፎች እንኳን ሰው ሊያስቀምጡ ለራሳቸውም አላረፉም።"

"ምን ያደርጋሉ?"

"ይንጫጫሉ። አንድ ዛፍ ከብበው።"

ፊቱ ተለወጠ። "የትኛው ዛፍ?" አለና ሳልመልስለት ወደ እትዬ ሄዶ እጃቸውን ያዘ። ትንንሽ ወፎች ቀን ጉጉት ካገኙ ከብበው እንደሚጮኹበት ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ሦስታችንም ጣታችንን አፋችን ላይ አድርገን ዞርን። እሱ ከሥር ቆሞ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ወደ ላይ አየ፤ መነጽሩን አንሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ እትዬን በትከሻቸው ይዞ እሱ የቆመበት ቦታ ላይ አቆማቸው።

እትዬ ክንዴን ያዙኝ፤ አያያዛቸው አምስቱንም ጣት ሥጋዬ ላይ አሳረፈው። እኔም መጀመሪያ ግንድ ነው ያየሁት። ከዚያ ግንዱ ዓይኑን ከፈተ። ብርቱካን የመሰለ ዓይን ነው፣ ተቆጥቶ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ዓይን። ሁለቱ ላባዎች ከራሱ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኛን አየ፣ ወፎቹን አየ፣ መልሶ ጨፈነ። ያን ሁሉ ጩኸት ምንም ሳይመስለው ተኛ።

ጋሼ የእኛን ዝምታ ሰምተው መጡ። አማተቡ። ቆይተው "እስቲ ያቀብሉኝ" ብለው የእትዬን መነጽር ተቀበሉ፤ ለረጅም ጊዜም አልመለሱትም።

እትዬ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር። እኔ ከእሱ አጠገብ ቆሜ "ጎንደር እሄዳለሁ" አልኩት። መቼ እንደወሰንኩ አላውቅም፤ ስናገረው ግን ተወስኖ አገኘሁት።

"መልካም" አለ።

ቅዳሜ አዲ አርቃይ ገባን። ከዚያ ሁሉ ጥላ ወጥቶ እዚያ ሙቀት ውስጥ መግባት ምድጃ ውስጥ እንደመግባት ነው። መኪናው የለም። ሊማሊሞ ጥምዝምዙ ላይ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል፣ እስኪነሣ የሚያልፍ የለም ተባለ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንጫጫት ጀመረ። ከአንድ ለስላሳ መሸጫ ጥላ ሥር ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ።

"እወስደዋለሁ!" አልኳት ሰላም እንኳ ሳልላት።

"እህቴ፣ ትናንት እኮ ጠበቅንሽ። ዛሬ ጠዋት ለሌላ ሰው ሰጡት።"

ስልኩን ዘግቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያንን ቤት መፈለጌን አላውቅም ነበር፤ ካጣሁት በኋላ ግን ምጣዱን የማስቀምጥበት ቦታ ሳይቀር ይታየኝ ጀመር። በንዴት አለቀስኩ። ለስላሳ ሻጯ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይዛ መጥታ "አጆኺ፣ አጆኺ" አለችኝ በትግርኛ፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። እሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል።

"ደስ አለህ?" አልኩት።

"አላለኝም" አለ። "ትናንት ገደሉን ወጥቼ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነው።"

"መልእክት አልሰጠሁህም።"

"አልሰጠሽኝም።"

መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። አላባረርኩትም። ሊነግረኝ የፈለገውን ያን ጊዜ ነገረኝ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ፦ "ብንመለስ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን መልሺልኝ አልልሽም።" እኔም አልመለስኩለትም። እትዬ ከመንገዱ ማዶ ቆሻሻ መድፊያው ላይ የሰፈሩትን አሞራዎች በመነጽር እያዩ፣ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ስለ ጉጉቱ ያወራሉ። መኪናው የመጣው በማግሥቱ ነው።

ነገሩ እንዴት አለቀ ለሚል፦ እህቴ ሌላ ቤት ፈለገችልኝ፤ ላየው ስሄድ ዳባት ላይ መንገዱ ተዘጋና ሚኒባሱ እዚያው ቀረ። አክስቴ ቤት አረፍኩ። መናኸሪያው ላይ መንገደኛው በር በር እያየ በረሃብ ይቆማል፤ ቁርስ የሚያገኝበት ቦታ የለውም። አክስቴ የመንገድ ዳር ክፍሏን ከፈተችልኝ፣ ቡታጋዙን ከደባርቅ አስመጥቼ ቁርስ መሸጥ ጀመርኩ። መንገዱ ሲከፈት ጎንደር አልሄድኩም፤ እጄ ሥራ ይዞ ነበር። አሁንም ሚኒባስ ጥሩንባውን በነፋ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ተሳፋሪ መጣ ብዬ ይሁን ልሳፈር ብዬ አንዳንዴ እኔም አይለይልኝም።

እሱ ጎንደር እንግዳ ሊቀበል ሲያልፍ እኔ ዘንድ ይወርዳል። ሰዎች "ታረቃችሁ ወይ?" ይሉኛል። "ተጣልተን አናውቅም" እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ባለፈው እሑድ እንግዳም ሳይኖረው መጣ። ከቅዳሴ የወጣ ሰው ቤቱን ሞልቶት ነበርና መቀመጫ አጣ። ጓዳ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ቢላዋ አነሣ፣ የሽንኩርቱን ሳህን ወደ ራሱ ሳበ። አከታተፉ በትዳራችን ጊዜ እንደነበረው አሁንም አያምርም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ለፍርፍር ግን ይሆናል ብዬ ተቀበልኩትና ዘይቱ ላይ ጨመርኩት።